ሮቶውን በአበባ ሸፍነን፣ ቢሉን ለማን እንስጥ?

የምኖርበት ግቢ ውስጥ በጣም የሚያምረው ጥግ የቱ ነው ብትሉኝ፣ ሮቶው ያለበት ጥግ ነው እላችኋለሁ። ቀልድ አይደለም። ሐምራዊ ቡገንቪሊያ በብረት ማቆሚያው ላይ ተጠምጥሞ እስከ ሮቶው አንገት ድረስ ወጥቷል። ከሥሩ የፈረንጅ ጥድ እኩል ተከርክሞ እንደ ግድግዳ ቆሟል። ልደት ሲኖር ፎቶ የምንነሳው እዛ ነው። እኔም የፕሮፋይል ፎቶዬን እዛው ተነስቼ ስለጥፍ «የት ሪዞርት ነው?» ብሎ ኮመንት ላይ የጠየቀኝ ሰው አለ። ከኋላዬ ሁለት ሺህ ሊትር ውሃ የሚይዝ ጥቁር ሮቶ፣ አንድ ፓምፕና አንድ አሮጌ ጀነሬተር እንዳለ ማን ይንገረው?

አትክልቱን የተከሉት አከራያችን ናቸው፤ እኛ «እትዬ» ነው የምንላቸው። ልጃቸውን ሊድሩ ሲሉ፣ መልሱ ግቢ ውስጥ ስለነበር፣ «ካሜራ ሲመጣ ይሄ ጥቁር ነገር ምን ይባላል?» ብለው ተጨነቁ። ችግኝ አስመጡ፣ አፈር አስደለደሉ፣ ሀረግ አስወጡ። መልሱ አለፈ፣ አትክልቱ ቀረ። ቀረ ብቻ ሳይሆን አደገ።

የአሜሪካ ጓሮዎችን ቲክቶክ ላይ የምታዩ ከሆነ ነገሩ አዲስ አይሆንባችሁም። እዛ ጓሮው ውስጥ መዋኛ ገንዳ ያለው ሰው ፓምፑን፣ ማጣሪያውንና ማሞቂያውን በቁጥቋጦ ይጋርዳል። ገንዳው ይታያል፣ ገንዳውን የሚያሠራው ማሽን አይታይም። እኛ ዘንድ ገንዳ ያለው ግቢ በጣት የሚቆጠር ነው። ሮቶ የሌለው ግቢስ? እስቲ አዲስ አበባ ውስጥ ፈልጋችሁ አምጡ። የእኛ «የገንዳ ዕቃ» ሮቶው፣ ፓምፑና ጀነሬተሩ ነው። የኮሪደር ልማቱ መንገድ ዳሩን በሣርና በአበባ ካለበሰው ወዲህ ደግሞ የሁላችንም ዓይን ለውበት ተከፍቷል፤ ግቢ ማስዋብ ፋሽን ሆኗል።

እኔ በዚህ ቅር አይለኝም። አትክልት ይተከል። የምለው አንድ ነገር ነው፦ የሸፈንነውን ነገር ማየት ካቆምን ኪሳራው ይመጣል፤ ኪሳራውን የሚከፍለው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሸፈነው ሰው አይደለም።

ቢሉ የመጣ ቀን

ግቢያችን ውስጥ አራት ተከራዮች ነን፤ ቆጣሪው ግን አንድ ነው። የውሃ ሂሳብ ሲመጣ በሰው ቁጥር እንካፈላለን። ማንም ተጣልቶበት የማያውቅ አሠራር ነበር። አንድ በጋ ላይ ግን ቢሉ ከወትሮው ከእጥፍ በላይ ሆኖ መጣ።

መጀመሪያ ሳቅን። «ተሳስተው ነው» አልን። በሚቀጥለው ወርም ያው ሆነ። ያኔ ሳቁ ቆሞ መተያየት ተጀመረ። ሞተር ሳይክሉን በየማታው የሚያጥበው የዴሊቨሪ ሠራተኛ ተጠረጠረ። እኔም «ሻወር ውስጥ ገብቶ የሚያስብ» ተባልኩ። ከሁሉም በላይ ግን ጣት የተቀሰረው ሰርቪስ ክፍሉ ውስጥ በምትኖረው፣ የአራት ወር ልጅ ባላት እናት ላይ ነበር። ዳይፐር ስለተወደደ የምትጠቀመው ጨርቅ ነው። በየቀኑ ታጥባለች፣ በየቀኑ ታሰጣለች። የተሰጣው ጨርቅ ደግሞ ለሁላችንም ይታያል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?

ፊት ለፊት የነገራት ሰው የለም። እንደ ልማዳችን በነገር ወጋ ወጋ አደረግናት። «ዘንድሮ እኮ ውሃ ወርቅ ሆኗል» ይላል አንዱ፣ እሷ ስታልፍ ጠብቆ። ከጥቂት ቀን በኋላ ጨርቁ ከገመዱ ላይ ጠፋ። ለካ በፌስታል ቋጥራ፣ ልጇን አዝላ፣ ሁለት ታክሲ ይዛ እህቷ ቤት እየሄደች ነበር የምታጥበው።

ቢሉ ግን አልቀነሰም።

ሦስተኛው ወር ላይ ፓምፑ ቆመ። የቧንቧ ሠራተኛ ተጠራ። ሰውየው ወደ ሮቶው ለመጠጋት መጀመሪያ የጠየቀው ገጀራ ነው። ጥዱን ቆርጦ፣ የቡገንቪሊያውን እሾህ እየረገመ፣ ግማሽ አካሉን አስገብቶ አየና «እናንተ ሰዎች፣ ወንዝ ነው እንዴ ያስገባችሁት?» አለን። ሮቶው ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋው ተንሳፋፊ ኳስ ተሰብሯል። ውሃ በመጣ ሌሊት ሁሉ ሮቶው ይሞላል፣ አይዘጋም። ትርፉ በማፍሰሻው ቱቦ ቀጥ ብሎ አትክልቱ ሥር ይወርዳል። አፈሩ የቻለውን ይጠጣል፤ የተረፈው በአጥሩ ሥር ሾልኮ ወደ ውጭው ቦይ ይገባል። ፓምፑም ጭቃ ላይ ተቀምጦ ከርሞ ተቃጠለ።

የሰፈሩ ሣር ሁሉ ቢጫ በሆነበት በጋ የእኛ አትክልት ለምን እንደዚያ እንደለመለመ ያኔ ገባን። «ውሃ አጠጪው ማነው? እጁ ይባረክ» እያልን እናደንቀው ነበር እኮ! ሁላችንም ዞር ብለን ያቺን እናት አየናት። ምንም አላለችም። ልጇን ወደ ሌላኛው ትከሻዋ አዙራ ወደ ክፍሏ ገባች።

የሚታየውና የማይታየው

ዩኒቨርሲቲ እያለን ከተማርነው ሁሉ በጭንቅላቴ ውስጥ የቀረው ጥቂት ነው። ከቀሩት አንዱ ፈረንሳዊው ፍሬደሪክ ባስቲያ እ.ኤ.አ. በ1850 ስለሚታየውና ስለማይታየው የጻፈው ድርሰት ነው። የሐሳቡ ፍሬ ነገር ቀላል ነው። መስኮት ሲሰበር መስታወት ገጣሚው ገንዘብ ሲያገኝ ይታያል፤ ባለቤቱ በዚያ ገንዘብ ሊገዛው አስቦ የቀረበት ጫማ ግን አይታይም። መጥፎ ኢኮኖሚስት የሚታየውን ብቻ ይቆጥራል።

እኛም ግቢያችን ውስጥ ያደረግነው ይህንኑ ነው። የሚታየው ገመድ ላይ የተሰጣ ጨርቅ ነበር። የማይታየው ከጥዱ ጀርባ የሚፈስ ውሃ ነው። ስለዚህ የሚታየውን ከሰስን።

እስቲ አብረን እናስላው። አዲሱ ኳስ እስኪገዛ ድረስ በነበረችው ሌሊት ውሃ መጣ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይዤ ወርጄ ከማፍሰሻው ሥር አስቀመጥኩ፤ ስልኬ ላይ ሰዓት ያዝኩ። በ10 ደቂቃ ሞላ። ይሄ በሰዓት 120 ሊትር ነው። እኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ሌሊት ነው። ሮቶው ከሞላ በኋላ በየሌሊቱ ስምንት ሰዓት ያህል ይፈሳል ብንል፣ በአንድ ሌሊት 960 ሊትር፣ በሳምንት 1,920 ሊትር፣ በአራት ሳምንት 7,680 ሊትር ይሆናል። በጀሪካን ስትቆጥሩት 384 ጀሪካን። አስቡት፣ በየወሩ 384 ጀሪካን ውሃ ለአንድ አጥር!

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። የአዲስ አበባ የመኖሪያ ቤት የውሃ ታሪፍ በእርከን የተሠራ ነው። ትንሽ ለሚጠቀም ሰው አንድ ሜትር ኪዩብ ርካሽ ነው፤ አጠቃቀሙ ከፍ ባለ ቁጥር ዋጋውም ከፍ ይላል። ሐሳቡ ደግ ነው፦ ደሃው ለመጠጥና ለምግብ የሚያስፈልገውን በርካሽ ያግኝ፣ መኪና የሚያጥበውና ገንዳ የሚሞላው ይክፈል። ግን አራት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ቆጣሪው «አራት ደሃ» ብሎ አይቆጥርም፤ «አንድ ብዙ የሚጠቀም ሰው» ብሎ ነው የሚቆጥረው። ገና ሳይፈስም እርከኑን ወጥተናል። ከጥዱ ጀርባ የሚፈሰው 7,680 ሊትር ደግሞ የሚጨመረው ከላይ ነው፤ የሚሰላው በውድ ዋጋ ነው ማለት ነው። በግቢው ውስጥ ውዱን ውሃ የጠጣው ጥዱ ነበር። የከፈለችው ጨርቅ አጣቢዋ።

ገበና እና ጥገና

ለምንድነው ግን የምንሸፍነው? መልሱ ውበት ብቻ አይመስለኝም። ገበና የሚባል ነገር አለን። እንግዳ ሲመጣ የተሰነጠቀው ስኒ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ያረጀው ሶፋ ዳንቴል ይለብሳል። ሮቶም እንዲሁ ነው። ሮቶ የሚያስታውሰን ነገር አለ፦ ቧንቧችን በፈረቃ እንደሚሠራ፣ ማታ ተነስተን ውሃ እንደምንጠብቅ። ቃሉ ራሱ ከአንድ የንግድ ስም ተነስቶ እንደ ባጃጅ የዕቃው ሁሉ መጠሪያ እስኪሆን ድረስ ሕይወታችን ውስጥ ገብቷል። እንግዲህ እንግዳ ፊት እንዲቆም አንፈልግም።

እትዬን አልወቅስም። ደግሞ «ታዲያ ምን ይሁን? ጥቁር ፕላስቲክ እያየን እንኑር?» የሚል ሰው ትክክል ነው። ውበት የቪላ ባለቤት ብቻ መብት አይደለም። ሰርቪስ ክፍል ውስጥ የምትኖር ሰው በሯን ስትከፍት አበባ ብታይ ምን ክፉ አለው? ጥላ ለሮቶው ራሱ ጥሩ ነው፤ ቀጥታ ፀሐይ ውሃውን ያሞቃል፣ ፕላስቲኩንም ከዓመት ዓመት ያደክመዋል። ስለዚህ መትከሉ ስህተት አይደለም።

ስህተቱ መሸፈንና መርሳትን አንድ ማድረጋችን ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ ታላላቆቻችን። ሮቶ የሚታጠብ ነገር ነው፤ ክዳኑ የሚፈተሽ፣ ኳሱ የሚታይ፣ ማቆሚያው የሚቀባ። የማይታይ ነገር አይፈተሽም። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን ባለ ሁለት ሺህ ሊትር ሮቶ ሲሞላ ሁለት ቶን ነው። ሁለት ቶን በአራት የብረት እግር ላይ ቆሟል። እግሩ የተተከለበት አፈር ሁልጊዜ እርጥብ ከሆነ ብረቱ ይዝጋል፣ መሬቱ ይላላል፤ ዝገቱን ደግሞ ቡገንቪሊያው አሳምሮ ሸፍኖታል። ከሥሩ ድብብቆሽ የሚጫወቱት የማን ልጆች ናቸው? የአከራይም የተከራይም ልጆች ናቸው። ይሄ እንግዲህ የቢል ጉዳይ አይደለም።

ለዓይን ይጋርዳል፣ ለጆሮ አይጋርድም

ወደ ጀነሬተሩ እንምጣ። ብዙ ግቢ ውስጥ ጀነሬተር የሚቀመጠው ከዋናው ቤት ራቅ ተደርጎ፣ ከኋላ ነው። ከኋላ ማን አለ? ሰርቪስ ቤቱ። የተከራይ መስኮት። ከዚያ በፊቱ አትክልት ይተከልና «ተሸፈነ» ይባላል።

አንድ ረድፍ ጥድ ድምፅ ይከላከላል ማለት ነጠላ ለብሶ ከዝናብ እንደመጠለል ነው። ቅጠል የሚጋርደው ዓይንን ነው። ድምፅ ለመቀነስ ርቀት ወይም ግንብ ወይም በጣም ጥቅጥቅ ያለ፣ ብዙ ሜትር ስፋት ያለው ዛፍ ያስፈልጋል፤ እሱን የሚችል ግቢ አዲስ አበባ ውስጥ የት አለ? ጢሱ ደግሞ ከድምፁ ይብሳል። ከጀነሬተር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፤ ሰው ተኝቶ እያለ ይገድላል። ማሽኑን ዙሪያውን በአትክልት ዘግቶ አየር መከልከል ጢሱ በቅርብ ወዳለው መስኮት እንዲሄድ መጋበዝ ነው። የጢስ ማውጫው ደግሞ በጣም ይግላል፤ በጋ ላይ የደረቀ ቅጠል ከጎኑ ከተከመረ እሳት ጠሩ ማለት ነው።

በእኛ ትምህርት የዚህ ነገር ስም «ወደ ውጭ የተገፋ ወጪ» ነው። ጥቅሙን አንዱ ያገኛል፣ ጉዳቱን ሌላው ይሸከማል። አትክልት ሲጨመርበት ጉዳቱ ያማረ ይመስላል፤ የሰርቪስ ቤቷ ተከራይ ራስ ምታት ግን ያው ነው።

እንግዲያውስ ምን እንትከል?

ተቃውሞ ብቻ ይዤ አልመጣሁም። ከቧንቧ ሠራተኛውና ከሰፈራችን አትክልተኛ ጋር ካወራሁት፣ ከራሴም ስህተት ከተማርኩት ጥቂት ልበላችሁ።

አንደኛ፣ መንገድ ተዉ። በሮቶውና በአትክልቱ መካከል አንድ ሰው ዕቃ ይዞ ቁጭ ብሎ የሚሠራበት ቦታ ይኑር። በአንድ በኩል ደግሞ በር ይኑረው፤ በጎማ ላይ የቆመ የአበባ ሳጥን ወይም የሚነሳ ማሰሮ ቢሆን ይበቃል። ጠጋኝ ሲመጣ ገጀራ ከጠየቀ የተሠራው ሥራ ትክክል አይደለም።

ሁለተኛ፣ የማፍሰሻው ቱቦ አትክልቱ ውስጥ አይደበቅ። ይሄ ከሁሉም በላይ ነው። ቱቦው አትክልቱን አልፎ ሁሉም ሰው የሚረግጠው መተላለፊያ ላይ ይውጣ። ሮቶው ሲያፈስ የሁሉም ጫማ ይርጠብ። ግቢው በነጋታው ይጮሃል፣ ኳሱ በማግስቱ ይቀየራል። የእኛ ቱቦ መተላለፊያው ላይ ቢሆን ኖሮ ሦስት ወር ሙሉ አንድ እናት አንከስም ነበር።

ሦስተኛ፣ የሚተከለውን ምረጡ። ባህር ዛፍ፣ ፋይከስና ቀርከሃ ሥራቸው ስለሚስፋፋ ከቧንቧና ከሮቶ እግር ይራቁ። ቅንጭብ ለአጥር ይመቻል፤ ነጭ ወተቱ ግን ዓይን ስለሚጎዳ ልጆች ባሉበት ግቢ ባይሆን ይሻላል። ቡገንቪሊያ ማማሩ እውነት ነው፤ እሾሁን ግን ጠጋኙን ጠይቁት። እኔ ብጠየቅ ጌሾ እላለሁ። ጌሾ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ አይረግፍም፣ ሲከረክሙት አይከፋም፣ ደጋውን ይወደዋል፣ ለጠላና ለጠጅም ይሆናል። ከፊት ለፊቱ የጥብስ ቅጠልና ጤና አዳም ብትደረድሩበት ሮቶው ተጋረደ፣ ወጡም ቡናውም ጣፈጠ። ሀረግ የሚወድ ሰው ፓሽን ፍሩት ይትከል፤ ግን ሀረጉን ሮቶው ላይ ሳይሆን ለብቻው በቆመ እንጨት ላይ ያውጣው።

አራተኛ፣ ፓምፑ መሬት ላይ አይቀመጥ። ከፍ ያለ ሲሚንቶ ላይ ይሁን፣ ዙሪያው አየር ያግኝ። ሞተር ሲሠራ ይሞቃል፤ በቅጠል ከታፈነ ዕድሜው ያጥራል። መዋኛ ገንዳ ላላቸው ሆቴሎችና ቪላዎችም ሕጉ አንድ ነው፦ ፓምፑ አየር፣ ማጣሪያው መክፈቻ ቦታ፣ ክሎሪኑ ነፋስ የሚገባበት ክፍል ይፈልጋል። ቅጠሉ ቶሎ ቶሎ የሚረግፍ ዛፍ ገንዳ አጠገብ የተከለ ሰው ማጣሪያ ሲያጸዳ ይኖራል።

አምስተኛ፣ ቆጣሪውን አንብቡ። ውሃ በመጣበት ሌሊት ሮቶው እስኪሞላ ጠብቁ። ከዚያ ግቢው ውስጥ ያለውን ቧንቧ ሁሉ ዝጉና ቆጣሪውን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ከአንድ ሰዓት በኋላ እንደገና አንሱ። ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ የሆነ ቦታ ይፈሳል። ይሄን ለማድረግ ኢኮኖሚክስ መማር አያስፈልግም። እኛ አራት ዓመት የተማርን ሰው ይዘን እንኳ አላደረግነውም።

የግል ሮቶ፣ የጋራ ውሃ

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። የግቢያችን ታሪክ በትልቁ ሲታይ የከተማችንም ታሪክ ነው።

አዲስ አበባ ውሃዋን የምታገኘው ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂ አካባቢና ከሌሎች ጉድጓዶች ነው። ለሁሉም ስለማይዳረስ በፈረቃ ይታደላል። ፈረቃው ሲረዝም የምናደርገው ምንድነው? ሮቶ እንገዛለን። ግፊት ሲያንስ ፓምፕ እንገዛለን። መብራት ሲጠፋ ፓምፑን የሚያስነሳ ጀነሬተር እንገዛለን። እያንዳንዱ ግቢ የራሱን ትንሽ የውሃና የመብራት ድርጅት ከፍቷል ማለት ነው። አንዳንዱ ደግሞ ፓምፑን በቀጥታ ከመስመሩ ላይ ይገጥመዋል፤ ውሃው ወደ እሱ ይሮጣል፣ የጎረቤት ቧንቧ አየር ይነፋል። ኮንዶሚኒየም የላይኛው ፎቅ ላይ የምትኖሩ ይሄን ነገር ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

አልበርት ሂርሽማን የሚባል ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ሁለት መንገዶች ያነሳል። አገልግሎት ሲበላሽ ወይ ትጮሃለህ፣ ወይ ትወጣለህ። አቅም ያላቸው ቀድመው ሲወጡ ደግሞ ጩኸቱ ይዳከማል። ሮቶ መውጫ ነው። አምስት ሺህ ሊትር ያለው ሰው ውሃ ለሳምንት ቢጠፋ አይሰማውም፤ ስለዚህ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ጀሪካን ይዞ የተሰለፈው ሰው ነው፤ እሱን ደግሞ የሚሰማው ጥቂት ነው። መውጫችንን በአበባ ስንሸፍነው ችግር እንዳለ እኛም እንረሳዋለን።

ይህች ከተማ ጭንቀቷን በተክል ስትወጣ ይሄ የመጀመሪያዋ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ማገዶና ለቤት መሥሪያ የሚሆን እንጨት ሲጠፋ ባህር ዛፍ ከውጭ መጥቶ ተተከለ፤ ከተማዋም በእሱ ቆመች። ልዩነቱ ግን ይታያችሁ። ያኔ የተተከለው የጎደለውን ነገር የሚሰጥ ነበር። ዛሬ እኛ የተከልነው የጎደለውን የሚጠጣ ነው።

ሮቶ አትግዙ አልልም። እኔም ያለ ሮቶ አንድ ሳምንት አልኖርም። ግን ሮቶው እንዲታወሰን እፈልጋለሁ። ስለ ውሃ ስብሰባ ሲጠራ የምንሄደው፣ ለአራት ቤተሰብ ቆጣሪ ለብቻ ይሁን ብለን የምናመለክተው፣ የተሰበረውን መስመር ፎቶ አንስተን የምንጠቁመው ካስታወስነው ብቻ ነው።

እትዬ ምን አደረጉ ካላችሁ፣ መጀመሪያ ዝም አሉ። ከዚያ እሑድ ጠዋት ቡና አፈሉና ሁላችንንም ጠሩን። ያቺን እናት አጠገባቸው አስቀምጠው «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ያየሁት አበባውን ብቻ ነው» አሏት። የሦስቱን ወር ትርፍ ከኪራያችን ላይ ቀነሱልን። እኛ ግን ይቅርታ የጠየቅናት በቡናው መካከል፣ ስኒ እያየን፣ አንድ በአንድ ነው። እሷም «ኧረ ምንም አይደል» አለች። ምንም እንዳልነበር ግን አይደለም፤ እስካሁን ጨርቁን ስታሰጣ ዙሪያዋን ታያለች።

አሁን ጥዱ በአንድ በኩል ተከፍቷል። የማፍሰሻው ቱቦ መተላለፊያው ላይ ወጥቷል። ቅዳሜ ቅዳሜ በተራ ቆጣሪውን ፎቶ አንስተን የግቢው ቴሌግራም ግሩፕ ላይ እንለጥፋለን። ፎቶ የምንነሳበት ጥግ እንደ ድሮው «ሪዞርት» አይመስልም፤ በክፍተቱ በኩል ጥቁሩ ሮቶ ብቅ ይላል።

አትክልቱም ዘንድሮ በጋ ላይ እንደ አምናው አልለመለመም። ቢላችንም እንደዚያው።